በሕግ አምላክ የተባልኩበት ጉባኤ

ኅዳር 3፣ ማለዳ

ወንበር እያስደረደርኩ ነው። ግማሹ እግር የለውም፤ ከትምህርት ቤት መዋስ ሊኖርብን ነው። ጣሪያው ያፈሳል፤ ደግነቱ አሁን ውርጭ እንጂ ዝናብ የለም። የጉባኤው ደወል ጠፍታ ሰንብታ ዛሬ ከጥበቃው ቤት ተገኘች። ለበቅሎዬ አንገት ተውሻት ነው አለኝ፣ ምንም ሳያፍር። እንድቆጣው ይጠብቅ ነበር። ሳቄ መጣ።

ደብተሬ፣ አንተ ባትኖር ይህን ለማን አወራው ነበር። የወረዳ ም/ቤት አፈ ጉባኤ ከሆንኩ ወዲህ ሰው ሁሉ ሥራዬ መናገር ይመስለዋል። ሥራዬ ሌላውን ማናገር ነው። ይበልጥ ደግሞ ዝም ማሰኘት።

ደብረ ብርሃን የሠለጠንንበት ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ስለ አንድ የእንግሊዝ ፓርላማ ጸሐፊ ትንሽ ነገር አለበት። ስሙ አልተጻፈም። ዕድሜውን ሙሉ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጦ ደንብ ሲያስታውስ የኖረ ሰው፤ በስተርጅናው በቅኝ ግዛቶቹ እየዞረ የአገሩን ሰው እጅ አወጣጥና አቀማመጥ ያስተማረ። በሥራ ዘመኑ የራሱን ሐሳብ በአደባባይ ተናግሮ አያውቅም ይላል። አሠልጣኙ ይህን እንደ ምስጋና ነው ያነበበው። እኔም ወደድኩት። ከሥሩ በቀይ አሠመርኩበት። እንዲህ ያለ ሰው ልሁን አልኩ፤ ከመምህርነት ያመጡኝ ሰሞን ነበር።

አጀንዳው ሦስት ነው። ሁለቱ የተለመዱ። ሦስተኛው ጎሽ ሜዳ። ከጓሳው ጥብቅ ቦታ ወዲህ ያለው የሣር ቦታ ለኢንቨስተር ይሰጥ የሚል፤ ድንች ሊያለማበት። ጎሽ ሜዳ እንደ ጓሳው ሁሉ በሽማግሎች የሚጠበቅ ነው። ለዓመታት ይዘጋል፤ ከዚያ ለቤት ክዳን የሚሆን ሣር እንዲታጨድ ይከፈታል። እኔ የተወለድኩት ከግርጌው ነው።  ወደ ወንበሮቼ ልመለስ።

ኅዳር 4፣ ማታ

ቅድመ ስብሰባ ተደረገ። ነገሩ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ ጉባኤው ለወጉ ነው። የወረዳው አስተዳዳሪ ረጅም ንግግር አደረገ። ልማት፣ የሥራ ዕድል፣ የዞን አቅጣጫ። አባላቱ ገበሬዎች ናቸው፤ ከነጋ እህል ያልቀመሱ፤ ገብሳቸው አውድማ ላይ ነው። ጥያቄ ያለው ተባለ። ዝም።

ጋሽ ተሰማም ዝም። የግርጌው ቀበሌ ተመራጭ ናቸው፤ ጎሽ ሜዳን ከሚጠብቁት ሽማግሎች አንዱ። የክርስትና አባቴም ናቸው። አባቴ የሞተ ጊዜ የእኛን ማሳ በራሳቸው በሬ አርሰው፣ እኔን ከትምህርት እንዳልቀር ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። ስገባ ስወጣ አየኋቸው። ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ጫፉን ያያሉ።

አስተዳዳሪው በኋላ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ሽማግሌው ያስቸግሩን ይሆን ወይ አለኝ። ዝም ካሉ ተስማምተዋል አልኩት። ቤት ገብቼ ለታደለች ነገርኳት። ባለቤቴ ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ዝምታ መለየት ሥራዋ ነው። ሊነገረው በተጠራበት ቤት የመንዝ ሰው መቼ ተናግሮ ያውቃል አለችኝ። ተበሳጨሁባት። ራቴን በላሁ፣ ተኛሁ።

ኅዳር 7፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

አለቀ። በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ብትችል አንብበው፣ ባትችል ይቅር።

አንደኛና ሁለተኛ አጀንዳ ያለምንም ነገር አለፉ። ሦስተኛውን አስተዳዳሪው አቀረበ። ጋሽ ተሰማ እጃቸውን አወጡ። አየሁ። አስተዳዳሪው የእጅ ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ያንንም አየሁ። ጊዜ ስላጠረን በቀጥታ ወደ ድምፅ እንሄዳለን አልኩ። ጊዜ አላጠረንም። ምሳ ሰዓት እንኳ አልደረሰም ነበር።

የሚደግፍ አልኩ። እጅ ወጣ። እየቆጠርኩ ወደ ኋላው ረድፍ ስደርስ ጋሽ ተሰማ ተነሡ። ዱላቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፉ። ጋቢያቸውን አደገደጉ፣ ልክ ዳኛ ፊት እንደሚቀርብ ሰው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ በሕግ አምላክ።»

ቤቱ ቆመ። የወጣው እጅ አልወረደም፤ ሊወጣ የነበረውም አልወጣም። ሻይ ይዛ የመጣችው ሴት ትሪዋን እንደያዘች ደፉ ላይ ቀረች። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ኮፍያውን አወለቀ። አስተዳዳሪው፣ እሱ እንኳ፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የዚሁ አገር ልጅ ነዋ።

ደብተሬ፣ አንተ ወረቀት ነህ፤ ይህ ነገር ምን እንደሆነ ላይገባህ ይችላል። እኛ ዘንድ በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ይቆማል። የሚሮጥ ይቆማል። የሚደባደብ ይቆማል። ያቆመው ሰው ምን እንዳለው እስኪሰማ፣ በመሐል ሽማግሌ እስኪገባ እግሩን አያነሣም። አባቴን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ድንበር ገፋብኝ ብሎ ጎረቤቱ ላይ ዱላ አንሥቶ ሳለ አንዲት ውሃ ቀጂ ሴት በሕግ አምላክ አለችው። ዱላው አየር ላይ ቀረ። ሽማግሎች ከቤተ ክርስቲያን እስኪመጡ እንደዚያው ቆመ። ክንዱ ደንዝዞ ማታ እናቴ በቅቤ ስታሸው ነበር። አባቴ ቁጡ ሰው ነበር፤ ግን ቆመ።

እኔ ቁጡ አይደለሁም። የሚጠበቅብኝም ትንሽ ነበር። ምን ሊሉ ነው ጋሽ ተሰማ ማለት። ሁሉም ይህንኑ ይጠብቅ ነበር፤ አስተዳዳሪውም ጭምር። ግን ያ ወንበር ላይ ሳለሁ የሰው ዓይን ሁሉ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ፈራሁ። ምኑን እንደፈራሁ አላውቅም። አፌ የሚያውቀውን ተናገረ።

በአሠራር ደንባችን እንዲህ ያለ አካሄድ የለም አልኩ። እውነት ነው፣ የለም። የተከበሩ አባል ይቀመጡ አልኩ። ከኋላው ረድፍ ቁጠራዬን ቀጠልኩ።

ጋሽ ተሰማ አልተቀመጡም፤ ሌላ ቃልም አልጨመሩም። እስክጨርስ እንዳደገደጉ ቆሙ። የቆመ ሰው በምን በኩል ይቆጠራል? በየትም አልቆጠርኳቸውም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል ብዬ አወጅኩ። አላጨበጨቡም።

ኅዳር 8

ማንም በክፉ አልተናገረኝም። እንዲሰድቡኝ ነበር የምፈልገው።

ሻይ ቤት ገባሁ። አብረን ያደግን ሰዎች ከወንበራቸው ተነሡ። እንደምን አደሩ አፈ ጉባኤ አሉኝ። እርስዎ ሆንኩ። ትናንት ጠዋት ደምሴ ነበርኩ፤ አንተ ነበርኩ፤ አጥር እየዘለለ ስለሚያስቸግረኝ ቀይ በጌ ይቀልዱብኝ ነበር። ዛሬ ወንበር ጠርገው ሰጡኝ፤ ቀስ እያሉም ወጡ። አንዱ ሻዩን እንኳ አልጨረሰም።

ኅዳር 17

ጾም ገብቷል። ታደለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። ጠየቅኳት፤ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ስነዘንዛት ነገረችኝ። ልጆቹ አዲስ ጨዋታ አምጥተዋል። አባራሪው በሕግ አምላክ ይላል፤ ሯጩ ድሮ እንደሚደረገው ይቆማል። አሁን ግን ሯጩ አፈ ጉባኤ ነኝ ካለ መሮጥ ይችላል። ሁሉም አፈ ጉባኤ መሆን ስለሚፈልግ ጨዋታው ፈርሶ ተጣሉ።

ምን አልሻቸው አልኳት። ወደ ክፍል ግቡ አልኳቸው አለች። ሽንኩርቱን ጨርሳ መክተፉን አላቆመችም።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ወጥቼ ከጓሮ ቆሜ አለቀስኩ። ትልቅ ሰው ነኝ እኮ።

ኅዳር 28

ግምገማ ነበር። ተራዬ ሲደርስ በጉባኤው ጥፋት አጥፍቻለሁ ብዬ ጀመርኩ። ነገሩን ከነሥሩ ልናገር ነበር። አስተዳዳሪው አቋረጠኝ። ጓዱ ራሱን ዝቅ ማድረግ ይወዳል አለ። ከጸና አመራር ምሳሌዎች አንዱ ያ ቀን ነው፤ ለኋላ ቀር አስተሳሰብ ቦታ አልሰጠም አለ። ከፍተኛው ውጤት ተሰጠኝ። እጅ ወጣልኝ፣ ሙሉ ድምፅ።

ወጥቼ ያን የሥልጠና ጽሑፍ አነበብኩት። እንግሊዙ ሰውዬ ከሐሳቤ አልወጣልህ ብሎኛል። በየደረሰበት አገር አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ፣ በአገሩ ቃል፣ ቆይ ብሎት ይሆን? በደንባችን እንዲህ ያለ አካሄድ የለም ብሎ ስንቱን አስቀምጦ ይሆን? ምናልባት አልገባውም ነበር። እሱ የሰው አገር ሰው ነው፤ ቋንቋውን አያውቅም። እኔ ምን ልበል?

ጎሽ ሜዳ ዙሪያውን እሾህ ሽቦ ታጥሯል። ከሞላሌ የመጣ መኪና ምሰሶ ሲያራግፍ አየሁ። ሣሩ ቆሟል፤ ቢጫ ሆኖ ወገብ ይደርሳል። ሊያቃጥሉት ነው አሉ፣ ለማረሻው እንዲመች።

ታኅሣሥ 9

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ጎሽ ሜዳ ከታጠረ ወዲህ የግርጌው ቀበሌ በግ ሁሉ ከሽቦው በታች ባለችው ቁራጭ ግጦሽ ላይ ተጨናንቋል። ትናንት የጋሽ ተሰማ ልጅ ጌትነትና ጎረቤቱ በጎቻቸው ተቀላቅለው ተጣሉ። ዱላ ተማዘዙ። የጌትነት እናት እማማ ጥሩነሽ ከቤታቸው ሮጠው ደረሱ። በሕግ አምላክ አሉ። አልቆሙም። ደገሙ። ከዚያ ጎረቤትየው ዱላውን ሳያወርድ፣ እሱማ ቀርቷል፣ በጉባኤ ቀርቷል አለ። ይህን የነገረኝ ያ ኮፍያውን አውልቆ የነበረው ፖሊስ ነው። ዓይኔን ሳያይ ነገረኝ፤ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሆኖ።

የተመታው ጌትነት ነው፣ ጭንቅላቱን። በቃሬዛ አስፋልት ዳር አድርሰው መኪና ለመኑ። መሐል ሜዳ ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ።

ጌትነትን አዝዬ አውቃለሁ። ወንዝ ስንሻገር።

ታኅሣሥ 10

ቀብር። ሄድኩ። ታደለች አትሂድ ትለኛለች ብዬ ነበር፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ቀድማኝ ወጣች። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሰው ሞልቷል። ማንም ፊት አልነሣኝም። ማንም አልቀረበኝም። የቆምኩበት ዙሪያ አንድ ሰው የሚያስቆም ክፍት ቦታ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ክፍት ቀረ። የገዳዩ እናትም ከወዲያ ጥግ ነበረች፤ እሷ ዘንድ እንኳ ሁለት ሴቶች ቆመውላታል።

ታኅሣሥ 12፣ ምሽት

ለቅሶ ቤት ተቀመጥኩ። ዳሱ ውስጥ፣ ከጋሽ ተሰማ በስተግራ። ዱላቸውን ወደ ሌላው ጎን አዙረው ቦታ ሰጡኝ። ንፍሮ ዞረ። ዘግኜ እጄ ላይ ያዝኩት፤ መብላት አልቻልኩም። ሰው ሳሳ ሲል እሳቸው ናቸው የጀመሩት።

«ዱላውን ያነሣኸው አንተ አይደለህም፣ ደምሴ። እሱን አትሸከም።»

ደምሴ አሉኝ። አንተ አሉኝ። ከጉባኤው ወዲህ በስሜ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው ናቸው፤ ልጃቸው በተቀበረ በሦስተኛው ቀን።  ይቅር በሉኝ ልል ነበር፤ ቃሉ አነሰብኝ። በምትኩ ያን ቀን ምን ሊሉ ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። የዚያን ዕለት መጠየቅ የነበረብኝን።

ዝም አሉ። ይህንኛውን ዝምታ አልተረጎምኩትም። ጠበቅኩ።

«ዘንድሮ የሜዳው መክፈቻ ነበር። ለየካቲት ሣሩን አጭደን ቤታችንን እንክደን፣ ከዚያ ውሰዱት ልል ነበር። የሰው ቤት ሁሉ እያፈሰሰ ነው።» ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ሰበሰቡ። «ድምፁንማ እኔም እሰጥህ ነበር፣ ልጄ።»

እንዴት ከዚያ እንደወጣሁ አላስታውስም። ንፍሮው ቤት ስደርስም እጄ ውስጥ ነበር።

ታኅሣሥ 14

አልተነሣሁም። ታደለች ታሟል ብላ ለጽ/ቤት ላከች። መታመም ቢሆን ጥሩ ነበር። ሣር ብቻ። አንድ የካቲት ብቻ ነበር የጠየቁት፤ አስተዳዳሪውም እሺ ይል ነበር፣ ኢንቨስተሩም እሺ ይል ነበር፣ ለማቃጠል ያሰቡትን ሣር። ማንንም የማያስቆጣ ነገር ነበር። ይህን ሳስብ እጮኻለሁ፤ ትራስ ነክሼ።

ባልተወለድኩ ማለት ለሰው የሚቀለው ነገር ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ብዬዋለሁ፤ አይቀልም።

ታኅሣሥ 25

አስተዳዳሪው ቢሮዬ ድረስ መጥቶ እጄን ጨበጠ። ዞን ፈልጎኛል፣ ደብረ ብርሃን። ዕድገት ነው። ቤት አለው፣ መኪና አለው። ወደ ማስተማር መልሱኝ አልኩት። ቀልድ መሰለው። ደግሜ ነገርኩት። ከላይ የተመደበ ሰው ወደ ታች አይወርድም፤ ድርጅት ሲመድብ ይኬዳል አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔም ያን ዕለት ቁጠራውን የምታቆም መስሎኝ ነበር አለ። ብታቆም አልቆጣም ነበር አለ።

ይህንን ለምን ነገረኝ? ጥሩ ሰው ሆኖ እኮ ነው። ሊያጽናናኝ።

ለታደለች ስለ ደብረ ብርሃን ነገርኳት። እኔ እዚህ እቆያለሁ፣ የክፍሌ ትምህርት አላለቀም አለች። አልተጣላንም። ካልሲዬን ትሰፋ ነበር፤ ጨርሳ ሰጠችኝ።

ጥር 5

የነገው ጉባኤ አጀንዳ ደረሰኝ። አንደኛ፣ አዲስ አፈ ጉባኤ መምረጥ። ምክትሌ ነው የሚመረጠው፤ ትጉህ ልጅ፣ ደንቡን በቃሉ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ከጎሽ ሜዳ ሽቦ በታች ያለችውን ቁራጭ ግጦሽ ለዚያው ኢንቨስተር መጨመር። ለጸጥታ ሲባል ይላል ማብራሪያው። ሰው እየተጣላባት ስለሆነ።

አንብቤ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወጥቼ እስከ ግርጌው ሄድኩ። በጎቹ ደረቅ አፈር ላይ አፍንጫቸውን ይገፋሉ፤ የሚነጭ ሣር የለም። ጋሽ ተሰማ ቤት ፊት ደረስኩ፣ አልገባሁም። ከእንግዲህ ጉባኤ እንደማይመጡ ለቀበሌው ነግረዋል፤ ቦታቸው ባዶ ነው። ጣሪያቸው ላይ በማዳበሪያ ጆንያ የደፈኑት ቀዳዳ አለ። በቀን ብርሃን ይታያል።

ጥር 6፣ ሊነጋጋ ሲል

ቀድሜ ተነሣሁ። ሸሚዝ ለብሻለሁ። ዞን የሚወስደኝ መኪና ከጉባኤው በኋላ ይመጣል ብለዋል፤ ሻንጣዬን አላዘጋጀሁም። ታደለች ነቅታለች፤ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። አየችኝና ሸሚዙን በሚገባ ቆልፈው አለችኝ። እሺታዋ እንደሆነ ገባኝ።

ወንበሩን ለምክትሌ አስረክቤ ስወርድ አሁንም የም/ቤቱ አባል ነኝ። ወደ ኋላው ረድፍ እሄዳለሁ፣ ጋሽ ተሰማ ይቀመጡ ከነበረበት ጎን። አንደኛው አጀንዳ ይለፍ። ሁለተኛው ሲነበብ እጄን አወጣለሁ። ልጁ አያየኝም። እንዳያይ ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። የሚደግፍ ይላል፤ እጅ ይወጣል። ያን ጊዜ እነሣለሁ። ጋቢ የለኝም፤ ኮቴን ቆልፌ በሕግ አምላክ እላለሁ።

የሚቆም የለም። ይህን አውቀዋለሁ፤ እንዳይቆሙ ያደረግኳቸው እኔው ነኝ። ምናልባት ሻይ የምታዞረው ሴት ትቆም ይሆናል። እሷም ላትቆም ትችላለች። ልጁ በአሠራር ደንባችን እንዲህ ያለ አካሄድ የለም ይለኛል፤ ቃሉን ሳይሳሳት። ከዚያ ይቀመጡ ይለኛል።

አልቀመጥም። እስኪቆጥሩ፣ ቆጥረውም እስኪወጡ፣ ቆሜ እቆያለሁ።